ሶፋውን ከመጣላችሁ በፊት ገልብጣችሁ እዩት

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋዜጣችሁን ይዞ ይገባል፣ እሱ ስፖርቱን እኔ የቤት ዓምዱን እናነባለን፣ ከዛ ልጆቹ መስታወት ይወለውሉበታል፣ ቅር አይበላችሁ እውነቱን ነው። ሰሞኑን ሳሎን ስለማሳመር ያወጣችሁትን ሳነብ ግን ለመወልወያም አልሰጠሁትም፣ እስካሁን ቁጭ አርጌዋለሁ። ያረጀ ሶፋ የቤቱን ግርማ ይቀንሳል፣ በዓል ሳይመጣ ቢቀየር ጥሩ ነው ይላል፣ በቃ አለቀ። ኧረ አቦ! ሶፋ እንደ ካልሲ የሚቀየር ነገር ነው እንዴ? በምን ብር? ደሞ የድሮውስ የት ይሂድ?

ከመሬት ተነስቼ አይደለም የምናገረው። ጎረቤቴ አምና ለፋሲካ ሶፋ ቀየረች፣ ኤል ሼፕ የሚሉትን፣ ቡኒ ሌዘር። ሌዘር ይባላል እንጂ ቆዳ አይደለም፣ ጨርቅ ላይ የተለበጠ ፕላስቲክ ነው። ድሬን ደሞ ታውቋታላችሁ፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ቀኑ 35 ዲግሪን አልፎ ይሄዳል፣ እንግዳ ቁጭ ብሎ ሲነሳ ጭኑ ከሶፋው ጋር ተጣብቆ ቸርርር ይላል፣ ሰውየውም ያፍራል እሷም ታፍራለች። ዓመት ሳይሞላው ሌዘሩ እንደተቀቀለ ድንች ይላጥ ጀመር። አንድ ቀን ልጆቿ ዘለው አንዱ ጥግ ሲሰምጥ ገልብጠን አየነው፣ ውስጡ ቺፑድ ነው፣ የእንጨት ፍርፋሪ በኮላ ተጨምቆ የሚሰራው፣ ከቺፑዱ ጎን ካርቶን በስቴፕለር ተመቷል። ካርቶን! እና የድሮውን ሶፋዋን ምን አረገችው መሰላችሁ፣ እዛው ሰፈር ለምትኖር እንጀራ ጋጋሪ ለማገዶ ሰጠቻት። ሲፈለጥ ቆሜ አይቻለሁ። ዋንዛ ነበር። ከበሮ የሚፈለፈልበት፣ የድሮ በርና መስኮት የሚሰራበት ዋንዛ ምጣድ ስር ገባ። ለጋጋሪዋ አልፈርድባትም፣ እንጨት ተሰጣት አነደደችው። የከነከነኝ እኛ ሰዎች ጨርቁን አይተን አጥንቱን መጣላችን ነው።

ያኔ ነው የገባኝ፣ እኔም ቤቴ ውስጥ ወንበር ስላልነበረኝ ያረጀ መፈለግ ጀመርኩ። ደቻቱ ወንዝ አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እማማ ልጃቸው ጋር አዲስ አበባ ሊገቡ ዕቃ ሲሸጡ ሁለት ባለ አንድ ሰው ሶፋ አገኘሁ፣ ሁለቱን 1500 ብር፣ ጨርቁ ተቀዶ ስፖንጁ ዱቄት ሆኗል፣ ልጃቸው ራሱ ይሄን ሰው ይገዛዋል እንዴ ብሎ ስቋል። እኔ ግን ገለበጥኩት። እግሮቹ ላይ ወደ ጉልበት ከፍ ብሎ ጠቆር ያለ መስመር አለ። ምንድነው እማማ ስላቸው የጎርፉ ነው አሉኝ፣ የሐምሌ 1998ቱ። ድሬ ያለ ሰው ያንን ሌሊት ማስታወስ አይፈልግም፣ ብዙ ሰው ነው የሄደብን፣ እሳቸውም ከዛ በላይ አላወሩም እኔም አልጠየቅኩም። ግን ወንበሩን አስቡት። ጎርፍ ውስጥ አድሯል፣ ጭቃ ተወቅጦበታል፣ ደርቆ ዛሬም ቆሟል። ቺፑድ ቢሆን እንኳን ጎርፍ፣ ቤት ሲወለወል የሚነካው ውሃ ራሱ እንደ ዳቦ ያሳብጠውና ይፈረፍረዋል።

እና አሮጌ ሶፋ የምትገዙ ወይም የራሳችሁን ልትጥሉ ያሰባችሁ መጀመሪያ ጨርቁን እርሱት። ሁለቱን የክንድ ማሳረፊያ ይዛችሁ ወዝውዙት። ከተነቃነቀ ችግር የለውም መጋጠሚያው ላልቶ ነው፣ በኮላ ይመለሳል። ከተሰነጠቀ ግን ሁለቴ አስቡ። ገልብጡትና ነቀዝ ካለ እዩ፣ ትናንሽ ቀዳዳና ከቀዳዳው የሚረግፍ ዱቄት ካለ ወደ ቤታችሁ አታስገቡት፣ ሌላውንም ዕቃ ይበላባችኋል። ክብደቱንም ሞክሩት፣ ለማንሳት እናቴን የሚያስብል ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። የኔዎቹን ባለቤቴ በባጃጁ ሲያመጣቸው አንዱ ወደ ውጪ ተንጠልጥሎ ሰፈሩ ሁሉ ሲስቅብን ነበር።

ልብሱን ማውለቅ ግቢ ውስጥ ነው፣ ቤት ውስጥ እንዳትሞክሩት፣ ምክንያቱን አሁን እነግራችኋለሁ። አሮጌውን ጨርቅ ቀዳችሁ አትጣሉ፣ ሚስማሩን በካቻቢቴ ቆስቁሳችሁ በጉጠት እየነቀላችሁ እያንዳንዱን ቁራጭ ሙሉውን አውጡት፣ ጀርባ፣ ቀኝ ክንድ፣ ግራ ክንድ እያላችሁ በእስክሪብቶ ጻፉበት፣ ምክንያቱም ለአዲሱ ጨርቅ መቁረጫ ልኩ እሱ ነው። ከማውለቃችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት፣ የትኛው በየትኛው ላይ እንደተደረበ ኋላ ይጠፋችኋል፣ እኔ ጠፍቶብኝ አንድ ከሰዓት ሙሉ ቁጭ ብዬ አስቤያለሁ። ከመቀመጫውና ከጀርባው መሃል ደሞ የጠፋው ሁሉ ይገኛል፣ እኔ 1969 የሚል ባለ 25 ሳንቲም፣ ሁለት የጸጉር ሽቦ፣ ግማሽ ማበጠሪያና የማን እንደሆነ ያልታወቀ የሕፃን ጥርስ አግኝቻለሁ።

አሁን ወደ ምክንያቱ፣ ትኋን። አሮጌ ሶፋ ያለ ትኋን አይገኝም ባይባልም አለበት ብሎ መጀመር ይሻላል። ስፌቱ ውስጥ ጥቋቁር ነጠብጣብ ካያችሁ እሱ ነው። ብዙ ሰው ነጭ ጋዝ ይቀባል፣ እባካችሁ ተዉት፣ ጨርቅና እንጨት ላይ ጋዝ አፍስሶ ከሰል ጭሶ ቡና የሚፈላበት ቤት ማስገባት ምን ማለት ነው። ሙቀት ነው የሚገድለው፣ 50 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ውስጥ ደህና አርጎ ከቆየ እንቁላሉም አይተርፍም። የሚታጠበውን በፈላ ውሃ ዘፍዝፉት። እንጨቱን፣ ኮላ ሳይነካው በፊት፣ በማንቆርቆሪያ የፈላ ውሃ መጋጠሚያው ላይ አፍስሱበትና ጥላ ስር አድርቁት፣ ጸሐይ ላይ ካደረቃችሁት ይሰነጠቃል። ውሃ የማይነካውን ትንንሽ ነገር ጥቁር ፌስታል ውስጥ ቋጥሮ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ቀኑን ሙሉ ማዋል ነው፣ ለድሬ ጸሐይ አንድ ጥቅም ተገኘላት። ትኋን የገባበት ስፖንጅን ግን አትሞክሩት፣ ይጣል።

መጋጠሚያውን ኮላ ቀብታችሁ የምታጣብቁበት ሞርሳ ከሌላችሁ የባጃጅ ከመነዳሪ፣ የውስጠኛውን ጎማ ማለቴ ነው፣ ቀጭን አርጋችሁ ቆርጣችሁ እንደ ገመድ ጥፍር አርጋችሁ እሰሩትና አሳድሩት። ከመነዳሪ እኛ ቤት ሞልቷል፣ ተበስቶ ተለጥፎ ተለጥፎ የማይሆነውን ባለቤቴ ጓዳ ይወረውረዋል፣ ስንት ዓመት ስጮህበት የነበረው ዕቃ አሁን ዋናው ሀብቴ ሆነ።

ምክንያቱም የመቀመጫው ስር የሚወጠረው ነገር ላልቶ ነበር። አናጢ ጋር ብወስደው ኮምፔንሳቶ ምታበት ይለኛል፣ ኮምፔንሳቶ ግን ይደርቃል፣ አግዳሚ ላይ እንደመቀመጥ ነው። የጠፍር አልጋ ያየ ሰው ይሄን ስራ ግማሹን ያውቀዋል፣ አያቴ ቤት ያደግንበት አልጋ ቁመቱን ተወጥሮ አግድሙን እየተጠለፈ አንዱ ከላይ አንዱ ከስር የሚሄደው ጠፍር፣ እሱን በጎማ መስራት ማለት ነው። ከመነዳሪውን አራት ጣት ስፋት አርጌ ቆረጥኩት፣ የተሰነጣጠቀና የደረቀውን አስወጣሁ፣ 50 ሳንቲ ሜትር የሆነውን እስከ 55 እየሳብኩ ሚስማር መታሁበት። መጀመሪያ ላይ ጫፉን ሳላጥፍ ነበር የመታሁት። የባለቤቴ ወንድም፣ እሱ ደሞ ትንሽ ከበድ ይላል፣ እንሞክረው ብሎ ዘፍ ሲልበት ሚስማሩ ጎማውን ሰንጥቆት ጉብ አለላችሁ፣ እግሩ ወደ ላይ። ለሳምንት ቤታችን አልመጣም። ስለዚ ጫፉን ሁለቴ አጥፉት፣ ሚስማሩም ጭንቅላቱ ሰፊ የሆነ ይሁን፣ አንድ ጫፍ ላይ ሦስት አራት እየበታተናችሁ ምቱ፣ አንድ መስመር ላይ ከደረደራችሁት እንጨቱ ይፈለጥባችኋል።

ከጎማው በላይ ማዳበሪያ ወይም ጆንያ ይለበጣል፣ ስፖንጁ በክፍተቱ እንዳይሾልክ ነው። ቤት ያለው ስፖንጅ ከየት ይመጣል ካላችሁኝ ከልጆች ፍራሽ። ያረጀ የስፖንጅ ፍራሽ መሃሉ ነው እንጂ የሚሞተው ዳር ዳሩ ማንም አይተኛበትም። በመዳፋችሁ ተጫኑት፣ ወዲያው ከተመለሰ ገና ነው፣ እየተንፏቀቀ ከተመለሰ ለጀርባ አርጉት፣ በጣታችሁ ስታሹት ከተፈረፈረ አይረባም። ሁለት ስስ ስስ ቁራጭ ካላችሁ ደርባችሁ ዙሪያውን በመርፌና በሲባጎ ስፉት። ቤት ከሌላችሁና ሱቅ ከሄዳችሁ ደሞ ውፍረቱን ብቻ አይታችሁ አትግዙ፣ ዴንሲቲ ስንት ነው በሉ፣ አንድ ሜትር ኩብ ስፖንጅ ስንት ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው፣ ለመቀመጫ ወደ 30 የሚጠጋ ቢሆን ይሻላል፣ ከዛ በታች ያለው በስድስት ወር ቂጣ ነው የሚሆነው።

ከስፖንጁ በላይ ያደረግኩትን ስነግራችሁ እናቴ እንዳትሰማ፣ ጋቢ ነው። ከአራት ቦታ የተቀደደ፣ ታጥቦ ታጥቦ ግራጫ የሆነ ጋቢ ቁምሳጥን ውስጥ አለ አይደል ሁሉም ሰው ቤት? ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ ጥጥ ነው፣ የስፖንጁን ጠርዝ ያለዝበዋል ላብም ይጠጣል። ለመቁረጥ እጄ እምቢ ስላለኝ አጥፌ ነው የከተትኩት፣ ማን ያውቃል አንድ ቀን ይወጣ ይሆናል። የሶፋ ሰሪዎቹ እዚህ ቦታ ነጭ ጥጥ መሰል ነገር ያነጥፋሉ፣ ጋቢው ይበልጣል ብዬ እከራከራለሁ።

ጨርቁ ላይ ግን ከባድ ስህተት ሰራሁ። የሳሎኔ መጋረጃ ወፍራም ነው፣ አበባ አለው፣ ቆንጆ ነው፣ ስምንት ዓመት ተሰቅሏል፣ በሱ ለበጥኩት። ሰፈሩ መጥቶ አደነቀ። በሁለተኛው ሳምንት ልጄ ተነስታ ስትቀመጥ ጨርቁ እንደ ወረቀት ተቀደደ። ለካ ጸሐዩ በልቶታል። መጋረጃ ውጪውን ሳይመስል ክሩ ይሞታል፣ በተለይ የኛ መስኮት ላይ የዋለ፣ ስለዚ ምንም ጨርቅ ከመቁረጣችሁ በፊት በሁለት አውራ ጣታችሁ ይዛችሁ ጎትቱት፣ ጥርርር ካለ ለትራስ ሙሊት ይሁን። የነጠላ አልጋ ልብስም ሳስቶ ነው የሚያልቀው። ከዛ በኋላ ነው ወደ ጂንስ የሄድኩት። ጉልበቱ ላይ የተቀደደ፣ ያጠረ፣ የጠበበ፣ ቤታችን ተሰብስቦ አምስት ሱሪ ወጣ። ጂንስ ጥጥ ነው፣ አይጣበቅም፣ ደቻቱ የሚያመጣብንን አሸዋ በቡርሽ ጠረግ ጠረግ ሲደረግ ይለቃል፣ ከረር ብሎ የተሸመነ ስለሆነ ልጅ ቢዘልበትም ይችላል። እግሩን በስፌቱ ተርትራችሁ ዘርጉት፣ ኪሱን ግን ተዉት፣ እኔ አንዱን ኪስ ክንዱ ላይ አስቀርቼው ባለቤቴ ሪሞት ይከትበታል፣ ሪሞት ሳይጠፋብን ሦስት ወር ሆነን።

ችግሩ የጂንሱን ቁራጭ የሚገጥምልኝ መኪና ነበር። የኔ ሲንጀር ሁለቱን ይሰፋል፣ ስፌት ላይ ሲደርስ መርፌ ይሰብራል። እዚሁ ከተማ አንድ ሶፋ የሚሰሩበት ቤት ሄጄ ጨርቄን አሳየኋቸው፣ የራሳችንን ጨርቅ ነው የምንሰራው፣ ለአንዱ ወንበር 9000 ብር አሉኝ። እሺ ስፌቱን ብቻ ስላቸው እኛ እሱን አንሰራም። ጎረቤቴ ቤት የሆነውንም ስለማውቅ ብዙም አልተከራከርኩም፣ ሌላ ቦታ ነው፣ ስፖንጅ ቀየርን ብለው አስከፍለው ስንከፍተው የድሮው ስፖንጅ ላይ ሁለት ጣት አዲስ ደርበውበት አገኘን። ስራ የምታሰሩ ሰዎች ከመሸፈኑ በፊት ልየው በሉ፣ መብታችሁ ነው፣ እምቢ ካሉ ዕቃችሁን ይዛችሁ ውጡ።

እኔማ 14 ቁራጭ ጂንስ በፌስታል ይዤ ሚኒባስ ተሳፍሬ የደንገጎን ዳገት ወጥቼ ሐረር ገባሁ። ሐረር የባለቤቴ አክስት ስላሉ ነው እንጂ ለስፌት ብላ ሃምሳ ምናምን ኪሎ ሜትር ሄደች እንዳትሉኝ። እሳቸው ናቸው እጄን ይዘው ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የወሰዱኝ። የማያውቅ ካለ፣ ስሙ ከልብስ ስፌት መኪናው ድምፅ የመጣ ነው የሚባልለት ጠባብ መንገድ ነው፣ ግራና ቀኝ ሰፊዎቹ በር ላይ ቁጭ ብለው ይገጥማሉ፣ ጨርቅ ከአንዱ ሱቅ ገዝታችሁ ከፊት ለፊቱ ታሰፋላችሁ። አንድ ሽማግሌ ጂንሶቼን አይተው ሳቁና ልጄ ይሄ ሱሪ ሊሆን ነው ወይስ ከሱሪነት ወጥቶ ነው አሉኝ። ወንበር ነው አባባ አልኳቸው። ምንም ሳይገረሙ መርፌውን አወጡና አስራ ስድስት ቁጥር አስገቡ፣ ያንቺ የሚሰበረው በአስራ አራት እየሰፋሽ ነው፣ ስፌት ላይ ስትደርሺ ደሞ እግርሽን አንሺና በእጅሽ አዙሪው አሉኝ። ለአምስት ዓመት የሰበርኩት መርፌ ሁሉ ፊቴ ላይ መጣ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀባቸውም፣ 300 ብር።

በነገራችን ላይ አክስትየው ቤት ቡና ስንጠጣ ዙሪያውን እያየሁ ነበር። የሐረሪ ቤት ሶፋ አይፈልግም፣ ነደባው ከቤቱ ጋር አብሮ የተሰራ ነው፣ ከፍ ዝቅ ያለ መደብ፣ ላዩ ምንጣፍና መከዳ። ሲያረጅ ምንጣፉንና የመከዳውን ልብስ መቀየር ነው፣ አጥንቱን የሚነካው የለም። መከዳው ምን እንደተሞላ ስጠይቃቸው የተቆራረጠ አሮጌ ልብስ አሉኝ፣ ዱሮም እንደዛ ነው አሉ፣ እንደ ግኝት እያወራሁ የሄድኩት ሴትዮ አፈርኩ።

ስትወጥሩት ከጥግ አትጀምሩ። የፊቱን መሃል አንድ ሚስማር፣ የኋላውን መሃል ሳብ አርጋችሁ አንድ፣ ከዛ ግራና ቀኝ፣ ከዛ ከመሃል ወደ ጥግ እየሄዳችሁ። ሚስማሩን መጀመሪያ ግማሽ ድረስ ብቻ ምቱት፣ ዞራችሁ አይታችሁ ካልጣማችሁ እንድትነቅሉት። ጥጉ የስጦታ ዕቃ እንደመጠቅለል ነው፣ ሁለት ጊዜ ያበሳጫል በሦስተኛው ይገባል። ጂንሱን ሳታጥቡ አትወጥሩ፣ ይሰበሰባልና።

አንድ ወንበር አለቀ። ሚስማርና ኮላ 420 ብር፣ ስፌት 300፣ ወንበሩ ራሱ 750፣ ትራንስፖርቱን አልቆጥርም አክስት ጥየቃ ነው። እና አዘጋጁ፣ የምጠይቃችሁ ነገር ትልቅ አይደለም። የቤት ዓምዱን የምትጽፈው ልጅ፣ ወይ የሚጽፈው፣ አንድ ቀን አዲስ ዕቃ ቤት ሄዳ ፎቶ ከማንሳት አናጢ ሰፈር ትሂድና ዋንዛን ከቺፑድ እንዴት እንደሚለይ ጠይቃ ትጻፍልን፣ ሁላችንም ሲሸጡልን አጥንቱን እንጂ ቀለሙን እንዳናይ። ሶፋ ቤቶችም ያንብቡት፣ የደንበኛን ጨርቅ ተቀብሎ መስፋት ስራ ነው እንጂ ውርደት አይደለም፣ በዚህ ኑሮ ውድነት ደንበኛ የሚያመጣውም እሱ ነው።

ሁለተኛው ወንበር ግን አሁንም ጎማው ተወጥሮ፣ ጋቢ ሳይለብስ፣ በረንዳ ላይ ቆሟል። ሦስት ጂንስ ይጎድለኛል። ባለቤቴ ይሄን ደብዳቤ ስጽፍ አይቶ ቁምሳጥኑን ቆልፎ ቁልፉን ባጃጁ ላይ ይዞት ሄዷል።

የሁለት ልጆች እናት
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ